ከሃዴራ እስከ አሽቀሎን ለምትከራዩ፦ የቱ ማዝጋን ይሻላል፣ የቱ ማሞቂያ ይቅር

ኦገስት ላይ ቤት ልታዩ ስትሄዱ አከራዩ ቀደም ብሎ መጥቶ ማዝጋኑን (ኤርኮንዲሽነሩን) አብርቶ ነው ሚጠብቃችሁ። ውጪ 30 ዲግሪ ነው፣ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተጣብቋል፣ በሩ ተከፍቶ ያ ቀዝቃዛ አየር ፊታችሁን ሲመታችሁ በቃ አለቀ፣ ስለ ማዝጋኑ ሚጠይቅ ሰው የለም፣ እየሰራ ነዋ። እኔ ግን ምላችሁ እዚህ እስራኤል ባህሩ ዳር ባሉት ከተሞች፣ ሃዴራ በሉት ነታንያ፣ ባት ያም፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን፣ ማዝጋን ማቀዝቀዙ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሊሞት ወር የቀረው ማሽንም ለግማሽ ሰዓት ያቀዘቅዛል። ማወቅ ያለባችሁ ሲበላሽ (መበላሸቱ አይቀርም) ሰው ይደርስበታል ወይ፣ በስንት ቀን ይሰራል፣ ብሩስ ከማን ኪስ ነው ሚወጣው የሚለውን ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ ያወዳደርኳቸው በዚህ ነው፣ ፊልተሩ ጋ እጃችሁ ይደርሳል ወይ፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ይታያችኋል ወይ፣ የውጭው ማሽን ጋ ደግሞ ቴክኒሻን በመሰላል ይደርሳል ወይስ ክሬን ሊያስመጣ ነው።

በነገራችን ላይ ኢየሩሳሌም ያሉ ዘመዶቻችን ማዝጋናቸው ስንት አመት ሲሰራ "እናንተ ጋ ለምንድነው ሁሌ ሚበላሸው፣ አያያዝ ነው" ይሉናል። አያያዝ አይደለም ጎበዝ። እርጥበትና ጨው ነው። አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 70 ፐርሰንት ከሆነ ከ24 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ያልበዋል፣ ቧንቧው ያልበዋል፣ የማዝጋኑ ሆድ ያልበዋል፣ ኮርኒስ ውስጥ ያለው የአየር መሄጃም ያልበዋል። አንድ መካከለኛ የግድግዳ ማዝጋን እንደዚህ ባለ ቀን በሰዓት አንድ ሊትር ውሃ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ከአየሩ ጨምቆ ያወጣል። ያ ውሃ መውጫ ካጣ ሚወርደው ሶፋችሁ ላይ ነው። ጨው ደግሞ ስራው ውጪ ነው። ከባህሩ ሚነሳው አየር ጨው ይዞ ይመጣና በውጭው ማሽን ላይ ያሉትን ቀጫጭን የአሉሚንየም ክንፎች ከመዳቡ ቧንቧ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ይበላቸዋል። ሙሉ በሙሉ የተበሉትን በጣት ብትነኳቸው ነጭ ዱቄት ሆነው ነው ሚረግፉት። ክንፉ ካለቀ ማሽኑ ሙቀቱን ሚጥልበት የለውም፣ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን ሚገፋው ሞተር) ሳያርፍ ይለፋል፣ የመብራት ቢሉ ይወጣል፣ ከዛ አንዱ የሻራብ (የሃሩር ንፋስ) ቀን ላይ ፀጥ ይላል።

ስለዚህ ቤት ስታዩ በረንዳ ላይ ውጡና መጀመሪያ የውጭውን ማሽን እዩ። ወደ ባህር ፊቱን የሰጠ ነው ወይስ በህንፃው ተከልሏል? ብሎኑ ዝጓል? ክንፎቹስ አሉ? ሁለት ደቂቃ ነው ሚፈጀው፣ ከሳሎኑ ቅዝቃዜ ይልቅ እውነቱን ሚነግራችሁ እሱ ነው።

የግድግዳው ማዝጋን

ኢሊ ሚሉት፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ሚሰቀለው። ለኪራይ ቤት የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ስለማይበላሽ አይደለም፣ ሲበላሽ ምን እንደሆነ ራሳችሁ ልታዩት ስለምትችሉ ነው። ክዳኑን ከፍ ስታደርጉት ፊልተሩ እጃችሁ ላይ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ደርቆ ይመለሳል። መኝታ ቤቱ ቢበላሽ ሳሎን ያለው ይሰራል፣ አንድ ላይ ተሰብስባችሁ ታድራላችሁ፣ ያው ልጆቹም ደስ ይላቸዋል።

በብዛት ሚያጋጥመው ችግር ውሃ ማንጠባጠብ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ይሄን ሲያይ ደንግጦ ቴክኒሻን ይጠራል። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ከማዝጋኑ ስር ውሃ ሚሰበስብ ጠባብ ገበቴ አለ፣ አቧራው፣ የወጥ ቤቱ ዘይት፣ የእጣኑ ጭስ ሁሉ እዛ እርጥበት ላይ ይቀመጥና እንደ ተልባ ውሃ ዝልግልግ ያለ ነገር ይሰራል፣ እሱ መውረጃ ቱቦውን ይደፍነዋል። ውጪ ያለውን የቱቦውን ጫፍ ፈልጋችሁ እርጥብ ነገር በሚስብ ቫኪዩም ክሊነር ለአንድ ደቂቃ ብትስቡት ያ ዝልግልግ ተጎልጉሎ ይወጣል፣ ነገሩ አለቀ። ቱቦው ጫፉ ባልዲ ውስጥ ወይ ጄሪካን ውስጥ ከተነከረ ደግሞ አየር አጥቶ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከውሃው በላይ ይሁን ጫፉ። እዚህ ላይ ግን አከራዩ ጋ ፀብ ሚመጣው ቱቦው ሲገጠም ጀምሮ ወደ ላይ ታጥፎ ከሆነ ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይወርድም፣ ያ የገጠማ ጥፋት ነው፣ የናንተ አይደለም።

ሁለተኛው ጋዝ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ወገናችን ሲበላ ነው ማየው። ቴክኒሻኑ መጥቶ "ጋዝ ጎድሏል" ይላል፣ ይሞላል፣ ብር ይቀበላል፣ በሚቀጥለው ሰመር ያው ራሱ ይመጣል፣ ደግሞ ይሞላል። ልብ በሉ፣ የማዝጋን ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሚዞር ነው፣ በመስራት ብዛት አያልቅም። ከጎደለ ሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ባህር ዳር ደግሞ ጨው የበላው ቧንቧ ወይ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ነት ነው ብዙ ጊዜ። "ከመሙላትህ በፊት ሚያፈስበትን አሳየኝ" በሉት፣ በቃ ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ስንት ሸቀል ታድናለች። ማሽኑ አር 22 በሚባለው ጋዝ ሚሰራ አሮጌ ከሆነማ ጭራሽ አታስሞሉት፣ ጋዙ ኦዞንን ስለሚጎዳ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ተነስቶ ከገበያ እንዲወጣ የተደረገ ነው፣ አዳዲሶቹ አር 410 ወይ አር 32 ናቸው። ምን ጋዝ እንደሆነ የውጭው ማሽን ጎን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተፅፏል፣ ፎቶ አንሱት።

በረዶ ሰርቶ ካያችሁ (አዎ በኦገስት በረዶ) አጥፉትና ይቅለጥ፣ ፊልተሩን እጠቡ፣ መልሶ በረዶ ከሰራ ያኔ ብዙ ጊዜ ጋዝ ጎድሎ ነው። የውጭው ማሽን ህምምም እያለ ፋኑ ማይዞር ከሆነ በተራዎቹ ማሽኖች ላይ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ሚያስነሳው ትንሽ እቃ) ነው ተጠርጣሪው፣ ርካሽ እቃ ነው፣ "ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ" ቢላችሁ ካፓሲተሩን ለክቶት እንደሆነ ጠይቁት። ራሳችሁ ግን እንዳትነኩት፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ሙቀቱ ሚቀያይረው) ይሻላል ወይስ ተራው? ለምቾት ኢንቨርተር፣ ምንም ጥያቄ የለውም፣ ቀስ ብሎ ሳያቋርጥ ስለሚሰራ እርጥበቱን በደንብ ይጎትታል። ተራው ማሽን፣ በተለይ ለክፍሉ ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ፣ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ቴርሞሜትሩ 23 ይላል አንሶላው ግን እርጥብ ነው። ሰው ትልቅ ማሽን ማለት ጥሩ ማለት ይመስለዋል፣ ባህር ዳር ላይ ለ12 ካሬ መኝታ ቤት ወደ 9 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያው) ይበቃል። ኢንቨርተር ላይ ያለው ችግር ቦርዱ ነው። እርጥበትና ጨው ኤሌክትሮኒክስ አይወዱም፣ ሌላው ደግሞ ሚያስቀው እንሽላሊት ነው፣ ሙቀት ፈልጋ የውጭው ማሽን ውስጥ ትገባና ቦርዱ ላይ ሁለት ነጥብ በሆዷ አገናኝታ ራሷም ትሞታለች ማሽኑንም ትገድላለች። ቦርድ ደግሞ ውድ ነው። አከራዩ ቤት ውስጥ ያለ ኢንቨርተር ከሆነ ግን ምን ቸገራችሁ፣ ውሉ ላይ ጥገናው የሱ መሆኑን ብቻ እዩ።

ሚኒ ሜርካዚ

ከሁለት ሺዎቹ ወዲህ በተሰሩት ህንፃዎች ላይ ሞልቷል። ማሽኑ ከመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ በላይ ተደብቆ በየክፍሉ በጂፕሰም ውስጥ አየር ይልካል። ሲያዩት ያምራል፣ ግድግዳ ላይ ምንም የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሚስቶች ይወዱታል (ባሎችም፣ አትቆጡ)። ለኪራይ ግን እኔ ሁለቴ አስባለሁ። አንድ ማሽን ስለሆነ ሲቆም ቤቱ በሙሉ ይቆማል። አንዱን ክፍል ለማቀዝቀዝ ሁሉንም ታቀዘቅዛላችሁ፣ ሌሎቹን ቀዳዳዎች ዘግቼ እቆጥባለሁ ስትሉ ደግሞ አየሩ ስለሚታፈን ማሽኑ በረዶ ይሰራል። ትልቁ ችግር ግን ማይታይ መሆኑ ነው፣ የውሃ መሰብሰቢያው ሲደፈን ምታውቁት ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ሲወጣ ነው፣ በዛን ሰዓት ጂፕሰሙ ጠጥቷል። መሄጃው ላይ የተጠቀለለው መሸፈኛ ከተቀደደ ራሱ ላብ እያንጠባጠበ ውስጥ ውስጡን ሻጋታ ያበቅላል፣ ስታበሩት መጀመሪያ ሚመጣው ያ የምድር ቤት ሽታ እሱ ነው።

ሚኒ ሜርካዚ ያለበት ቤት ከወደዳችሁ ሁለት ነገር አድርጉ፣ የኮርኒሱን መክፈቻ ክፈቱልኝ በሉ፣ መክፈቻ የለውም ካላችሁ ወይ በቀለም ተደፍኖ ከሆነ ከተገጠመ ጀምሮ ማንም አላየውም ማለት ነው። ከዛ አየሩ ተመልሶ ሚገባበትን ትልቁን ወንፊት አውልቁ፣ ከኋላው ያለው ፊልተር ጥቁር ከሆነ የቤቱን ታሪክ አንብባችኋል።

የመስኮቱና ጎማ ያለው

የመስኮት ማዝጋን ያለበት ቤት አሁን ያረጁት ሺኩኖች (የድሮዎቹ የጅምላ መኖሪያ ህንፃዎች) ውስጥ ነው ሚገኘው። ጫጫታ ነው፣ ዙሪያው ክፍት ስለሆነ ክረምት ላይ ነፋስና ዝናብ ያስገባል፣ ብዙዎቹ አያሞቁም። ኪራዩ በደንብ ቅናሽ ከሆነ ብቻ፣ ያውም አከራዩ እንደሚቀይረው በፅሁፍ ከሰጣችሁ።

ጎማ ያለው፣ ከክፍል ክፍል ሚገፋው፣ ቱቦውን በመስኮት ሚያወጡት ደግሞ ብዙ ሰው "የራሴ ነው፣ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ" ብሎ ይገዛዋል። አልፈርድም ግን ባህር ዳር ላይ ይሄ ማሽን ከራሱ ጋር ነው ሚጣላው። ባለ አንድ ቱቦው የክፍሉን አየር ወደ ውጪ ይገፋል አይደል፣ የወጣውን ሚተካ አየር ደግሞ በበሩና በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ሚገባው ምንድነው፣ ያው ውጪ ያለው ትኩስ እርጥብ አየር። ሌሊቱን ሙሉ እያገሳ ክፍሉ እንደተጣበቀ ያድራል፣ ታንኩ ሞልቶ ይቆማል፣ ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ትደፋላችሁ። ለአንድ ወር መሸጋገሪያ ካልሆነ አልመክርም።

ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ልጆች የማቀዝቀዙ ነገር ለናንተም ይሰራል፣ እዛማ እርጥበቱ ከኛም ይብሳል። ዱባይ ላይ ግን መጀመሪያ ጠይቁ የህንፃው ማቀዝቀዣ ከማእከል ሚመጣ ከሆነ ቢሉ ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻው፣ ማስታወቂያ ላይ ቺለር ፍሪ ሚሉት የማቀዝቀዣው ቢል ለብቻው አይከፈልም ማለት ነው።

ክረምቱ

ከኢትዮጵያ ወይ ከደጋው የሀገሩ ክፍል የመጣ ሰው የባህር ዳርቻውን ክረምት ይንቀዋል። ጃንዋሪ ሌሊት 9፣ 10 ዲግሪ ነው፣ ምን አለው? ያለው ነገር ቤቱ ነው። በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ የተሰሩት ህንፃዎች ግድግዳቸው ባዶ ኮንክሪትና ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ሙቀት ሚይዝ ነገር የለውም፣ እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ማማድ (ከሮኬት መጠለያ የተጠናከረ ክፍል) ያለው ቤት ደግሞ የማማዱ ግድግዳ ወፍራም ኮንክሪት፣ መስኮቱ ጥብቅ፣ ልጆች ተኝተው አድረው ጠዋት መስታወቱ ላይ ውሃ ይወርዳል። ስለዚህ ማሞቂያ ስትመርጡ ጥያቄው "ያሞቃል ወይ" ብቻ አይደለም፣ ቤቱን ያደርቃል ወይስ ያረጥባል ነው።

በዚህ ሚዛን መጨረሻ ሚወጣው ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ ነው። አንድ ኪሎ የቡታ ጋዝ ሲቃጠል ወደ 1.6 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል፣ አንድ 12 ኪሎ ሲሊንደር ሲያልቅ ወደ 19 ሊትር ውሃ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ረጭታችኋል ማለት ነው። ከዛ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ አይሸትም አይታይም። ከሰሉንም አብሬ ልጥቀስ፣ ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ፣ አደራ፣ በየክረምቱ በዚህ ሰው ይሞታል። ቡናው መስኮት ተከፍቶ፣ ፍሙ በረንዳ ላይ።

የዘይት ራዲያተር ደህና ነው። ማይነፋ፣ ማይጮህ፣ ለህፃን ክፍል ጥሩ፣ ሲበላሽም አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ወይ ሶኬቱ ነው። ክፋቱ ቢሉ ነው። 2000 ዋት ራዲያተር በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ቢሰራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከ60 አጎሮት ትንሽ ከፍ ስለሚል በቀን ከ6 ሸቀል በላይ፣ በወር ወደ 190። ማዝጋኑ በሙቀት ሲሰራ ሙቀቱን ከውጪ አየር ስለሚጎትተው ያንኑ ሙቀት በሲሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣችኋል፣ በወር 60፣ 65 ሸቀል ገደማ። ትንሿ የሚነፋ ማሞቂያ እንደ ራዲያተሩ ነው ምትበላው ግን ሙቀቷ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ለመታጠቢያ ቤት አስር ደቂቃ፣ ከዛ በላይ አይደለም፣ በኤክስቴንሽን ገመድ ደግሞ በፍፁም፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ ያየ ያውቃል።

ስለዚህ ለሙቀትም የግድግዳው ማዝጋን ያሸንፋል፣ ግን ሰው ሳይገባው እንደተበላሸ ሚቆጥረው አንድ ነገር አለ። ቀዝቃዛና እርጥብ ሌሊት ላይ ማሞቁን አቁሞ ፋኑ ፀጥ ይላል፣ ውጪ ያለው ማሽን ላይ እንፋሎት ይነሳል፣ ስሩ ውሃ ይፈሳል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ያሞቃል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ማሞቅ ላይ ሲሆን የውጭው ማሽን ስለሚቀዘቅዝ ክንፎቹ ላይ በረዶ ይይዛል፣ እሱን እያቀለጠ ነው። ጤነኛ ማሽን ግን የባህር ዳርቻው ላይ ይሄን ደጋግሞ ማድረግ የለበትም፣ ቅዝቃዜያችን ያን ያህል አይደለም። በየሃያ ደቂቃው እየቆመ ከሆነ ወይ ክንፎቹ በጨውና በአቧራ ታፍነዋል ወይ ጋዝ ጎድሏል።

ሌላው በደንብ ያቀዘቅዛል ግን አያሞቅም ሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ የጋዙን አቅጣጫ ሚገለብጠው ቫልቭ ነው፣ ወይ ደግሞ እሱን ሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ጠምዛዛ ሽቦ። ሽቦው ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፣ ቫልቩ ከሆነ መበየድና ጋዝ መሙላት ስላለው አሮጌ ማሽን ላይ አያዋጣም። ሰመር ላይ ስትከራዩ ይሄን ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ፣ አከራዩ ቤቱን ቀድሞ ስላቀዘቀዘላችሁ ሪሞቱን ወደ ፀሐይዋ ምልክት ቀይራችሁ 30 ላይ አድርጉትና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሙቅ አየር ካልመጣ ኖቬምበር ላይ ምትሰሙትን ዜና ኦገስት ላይ ሰምታችኋል።

ሲሞቅ ፍላፑ ወደ መሬት ይጠቁም፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው ሚሄደው፣ 21፣ 22 ይበቃል። ሻጋታ ለሚያስቸግረው ክፍል ደግሞ፣ በተለይ ልብስ ቤት ውስጥ ለሚያሰጣ ቤተሰብ፣ እርጥበት ሳቢ ማሽን ትልቅ ነገር ነው። ሻጋታውን በቀለም ከመሸፈናችሁ በፊት ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ራቅ አድርጉት።

መብራቱ ሲወድቅ

ይሄ የማዝጋን ብልሽት እየተባለ ሰው ያለአግባብ ሚከፍልበት ስለሆነ ለብቻው ላንሳው። ድሮ የተሰሩ ብዙ ቤቶች አንድ ፌዝ (አንድ የመብራት መስመር) 25 አምፔር ብቻ ነው ያላቸው፣ ያ ማለት ቤቱ በጠቅላላ 5750 ዋት ገደማ ነው ሚችለው። አሁን ቁጠሩ፣ የውሃ ማሞቂያው ዱድ 2500፣ ማዝጋኑ 1200 ምናምን፣ ከዛ እሁድ ማታ እንጀራ ልጋግር ብላችሁ ትልቁን የኤሌክትሪክ ምጣድ ስትሰኩት እንደየምጣዱ 3000 እና ከዛ በላይ። ዋናው ብሬከር ይወድቃል፣ ወዶ አይደለም፣ ስራው ነው። ማዝጋኑ አልተበላሸም። ዱዱን አጥፍታችሁ ጋግሩ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ መስኮት ክፈቱ፣ የእንጀራ እንፋሎት ራሱ ለሻጋታው ምግብ ነው። ቤት ስታወዳድሩ ታዲያ ሳንቲም ያህል ፅሁፍ ብትሆንም ቆጣሪው ሳጥን ላይ 1 በ25፣ 1 በ40 ወይስ 3 በ25 (የፌዙ ቁጥር በአምፔሩ) እንደሆነ አንብቡ። ማዝጋን፣ ዱድና ምጣድ ላለው ቤተሰብ 3 በ25 ያለው ቤት ትንሽ ኪራይ ቢጨምርም እኔ እወስደዋለሁ።

ሚወድቀው ግን ፓሐት ሚሉት፣ የቴስት ቁልፍ ያለው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ካመለጠ ይቆርጣል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ወይ ጠዋት ጤዛ ሲሆን ሚወድቅ ከሆነ የውጭው ማሽን ገመድ መገጣጠሚያ ጋ ውሃ ገብቷል። ማዝጋኑን ከሶኬቱ ነቅላችሁ ፓሐቱን መልሱት፣ ካልወደቀ ጥፋተኛው ታውቋል። ፓሐቱን አልፎ ገመድ ልቀጥልልህ ሚል ኤሌክትሪሻን ከመጣ በሩን አሳዩት።

ይጠገን ወይስ ይቀየር፣ ማንስ ይክፈል

ተከራይ ስለሆናችሁ ሂሳቡ እንደ ባለቤት አይደለም። ባለቤት "አስር አመት ይቆይልኛል" ይላል፣ እናንተ ውላችሁ አንድ አመት ነው። ክንፎቹ የረገፉ፣ በአር 22 ሚሰራ፣ ኮምፕረሰሩ የሄደ ማሽን ላይ የናንተን አንድ ሸቀል አታውጡ። ካፓሲተር፣ መውረጃ ቱቦ፣ ሪሞት፣ እነዚህ ላይ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ አሰርታችሁ ደረሰኙን ላኩለት፣ አብዛኛው አከራይ ከኪራዩ ይቀንስላችኋል፣ ግን ከማሰራታችሁ በፊት በዋትሳፕ እሺ ይበል።

ህጉ ምን ይላል፣ በ2017 የተሻሻለው የኪራይ ህግ አከራይ ጉድለትን ከተነገረው በኋላ ቢበዛ በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ3 ቀን እንዲያስተካክል ያስገድዳል፣ በናንተ ያልተገባ አጠቃቀም ከተበላሸ ግን በናንተ ነው። ለመኖሪያ የግድ ከሚባሉት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ማዝጋን የለም፣ አከራዩም "ማዝጋኑን እንደ ስጦታ ነው የተውኩላችሁ፣ አልጠግንም" ብሎ ሚከራከረው በዚህ ነው። መፍትሄው ውሉ ነው። ስንት ማዝጋን እንዳለ፣ የት የት እንዳሉ፣ በማቀዝቀዝም በማሞቅም እንደሚሰሩ፣ ሲበላሹ አከራዩ በስንት ቀን እንደሚያሰራ ይፃፍ፣ 7 ቀን ብላችሁ ጀምሩ። የፊልተር እጥበት በናንተ ይሁን፣ እሱ ተገቢ ነው። "ማዝጋኖቹን ባሉበት ሁኔታ ተረክበናል" ሚል አንድ መስመር ካለ አስወጡት ወይ ከጎኑ የገባችሁበትን ቀን ፎቶዎች ጥቀሱ። እብራይስጡ ካስቸገራችሁ አንድ እዚህ የተማረ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡና ያንብብላችሁ፣ አከራዩ ቢቸኩልም ይጠብቅ።

አከራዩ አልገዛም ካለና ቤቱን የግድ ምትፈልጉት ከሆነ የራሳችሁን ኢሊ መግጠም ይቻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የፅሁፍ ፈቃድ ከአከራዩ፣ የውጭው ማሽን የጋራ ግድግዳ ላይ ሚሰቀል ከሆነ ደግሞ ከቫአድ ባይቱ (ከህንፃው ኮሚቴ)። የማማድን ግድግዳ ዝም ብሎ መብሳት ክልክል ነው፣ ቧንቧው ማለፍ ያለበት ለሱ በተፈቀደው ማሸጊያ ባለው መተላለፊያ ነው፣ "እኔ እበሳዋለሁ ችግር የለም" ሚላችሁን ተዉት። የውጭው ማሽን ከተቻለ ከባህሩ ተቃራኒ በኩል ይሰቀል፣ ክንፉ ላይ የጨው መከላከያ ቅብ ያለውን ምረጡ፣ በአመት ሁለት ሶስቴ ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቀስታ በሚወርድ ንፁህ ውሃ እጠቡት፣ በሃይለኛ ፕሬሸር ግን አይደለም፣ ክንፉን ያጣምመዋል። መውረጃ ቱቦው ታች ያለው ጎረቤት ልብስ ላይ እንዳያንጠባጥብ።

ስትለቁ ይዛችሁ ለመሄድ ቴክኒሻኑ ጋዙን መጀመሪያ ወደ ውጭው ማሽን ሰብስቦ ቫልቮቹን መዝጋት አለበት፣ ዝም ብሎ ቧንቧውን ቆርጦ ካነሳው አዲሱ ቤት ላይ ጋዝ ከዜሮ ነው ምታስሞሉት። ግድግዳው ላይ የቀረውን ቀዳዳም ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስደፍኑና ፎቶ አንሱ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በዛ ቀዳዳ ከገባ አከራዩ ቀለሙን ከዋስትና ገንዘባችሁ ላይ ነው ሚቆርጠው።